አመዱ አልሠራም፤ አሁን ምን ልጻፍ?

ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበቱ? የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ፤ የምማረው የሰብል ጥበቃ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፌ የመረጥኩት የባቄላ በሽታ ነው፤ ቅጠሉን እያኮማተረ እባጭ የሚያወጣውን፣ እኛ ተማሪዎች «ጎል» የምንለውን። ሙከራውን የሠራሁት ጉዶ በረት አካባቢ በአባቴ ማሳ ላይ ነው። ልጅ ሳለሁ ይህ በሽታ በሰፈራችን አይታወቅም ነበር። አሁን ክረምት በገባ ቁጥር የስንቱን ባቄላ ይዞት ይሄዳል።

መላምቴ ቀላል ነበር። ጎልን የሚያመጣው ኦልፒዲየም የሚባል ተዋሲ ነው፤ ከዘሩ ጋር ይጓዛል ብዬ ስለገመትኩ ዘሩ ከመዘራቱ በፊት በአመድ ወይም በነጭ ሽንኩርት ውኃ 12 ሰዓት ቢነከር በሽታው ይቀንሳል አልኩ። መድኃኒት መግዣ ያጣ ገበሬ ከጓዳው በሚያወጣው ነገር ይገላገላል የሚል ተስፋ ነበረኝ። አባቴ ከማሳቸው አንድ ጥግ ከለሉልኝ። በሦስት ብሎክ (የማሳው ክፍል) አምስት አምስት ፕሎት (ትንሽ መደብ)፣ በድምሩ 15 ፕሎት ዘራሁ። አንዱ ደረቅ ዘር፣ አንዱ በንጹሕ ውኃ የተነከረ፣ አንዱ በአመድ ውኃ (በሊትር 100 ግራም)፣ አንዱ በነጭ ሽንኩርት ውኃ (በሊትር 200 ግራም)፣ አምስተኛው ቅጠሉ ላይ የፈንገስ መድኃኒት የተረጨ ነው። ለአንድ ኪሎ ዘር አንድ ሊትር ተጠቀምኩ። ከዚያ በየ10 ቀኑ አምስት ጊዜ የበሽታውን መጠን መዘገብኩ።

በመጨረሻው ምዝገባ አማካዩ እንዲህ ሆነ፦ ደረቅ ዘር 41 በመቶ፣ ውኃ 43፣ አመድ 39፣ ነጭ ሽንኩርት 42፣ መድኃኒቱ 14። ኤልኤስዲው (ሁለት አማካዮች ተለያዩ ለማለት የሚያስፈልገው ትንሹ ልዩነት) 9፣ ሲቪው (የፕሎቶቹ መበላለጥ መለኪያ) 13 በመቶ ነው። አመዱም ነጭ ሽንኩርቱም ከደረቁ ዘር አልተለዩም። መላምቴ ገደል ገባ።

አማካሪዬ ሰንጠረዡን አይተው «ውጤቱ ደካማ ነው» አሉና ዝም አሉ። አብሮኝ የሚማር ልጅ ደግሞ «ሦስተኛው ብሎክ ታች ነው፣ ውኃ ይተኛበታል፣ አውጪው» አለኝ። ሳወጣው አመዱ 33፣ ደረቁ 40 ሆነ፤ ልዩነቱም በስታቲስቲክስ ጉልህ ነው የሚያሰኘውን ኮከብ አገኘ። አሁን ሁለት ፋይል አለኝ። ሌሊት ሌሊት ሁለቱንም ከፍቼ አያቸዋለሁ። አባቴ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ለባቄላው መላ ልታመጣ ነው» ብለዋል፤ በመጪው ሰኔ ዘራቸውን በአመድ ሊነክሩ ያሰቡም አሉ። ዲፌንሴ (ጽሑፌን በፈታኞች ፊት የማቀርብበት) ግንቦት ላይ ነው። ምን ይሻለኛል?

የአባቷ ልጅ፣ ከጉዶ በረት

*

እኅቴ፣

ከደብዳቤሽ ውስጥ በጣም የገባኝ ከቁጥሮቹ ይልቅ «ሌሊት ሌሊት ሁለቱንም ከፍቼ አያቸዋለሁ» ያልሽው ነው። የትኛው ፋይል እውነተኛው እንደሆነ የጠፋሽ አልመሰለኝም። የከበደሽ ይዘሽው ወደ አማካሪሽ ቢሮና ወደ አባትሽ ደጅ መሄዱ ነው። አንድ ክረምት ሙሉ በጉዶ በረት ብርድና ጭቃ ቆመሽ ቅጠል ስትቆጥሪ ከርመሽ፣ መጨረሻ ላይ «የለም» የሚል መልስ ማግኘት ያማል። ስለ አምፖል ፈልሳፊዎች ትዕግሥት የሚነገረውን አልደግምልሽም፤ በዚህ ሰዓት ማንንም አያጽናናም። ይልቅ ቁጥሮችሽን አብረን እንያቸው።

አማካሪሽ የተናገሩት «ደካማ» ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ሊይዝ ይችላል። አንደኛው ሙከራው ራሱ ደካማ ነው ማለት ነው፦ በሽታው ማሳው ላይ ሳይወጣ ቀርቷል፣ የፕሎት መለያ ተቀያይሯል፣ ወይም ፕሎቶቹ እርስ በርስ ከመበላለጣቸው የተነሣ ልዩነቱ ተውጧል። እንዲህ ከሆነ ውጤትሽ ስለ አመዱ ምንም አይናገርም። ሁለተኛው ሙከራው ደኅና ሆኖ የተጠበቀው ሳይገኝ ቀርቷል ማለት ነው። ያንቺ የትኛው ነው? መልሱን የያዘው አንቺ በደብዳቤሽ እግረ መንገድሽን የጠቀስሽው አምስተኛው ፕሎት ነው። ደረቁ ዘር 41 ሲሆን መድኃኒት የተረጨው 14 ላይ ቀረ። ስለዚህ በሽታው ማሳው ላይ ነበር፣ ሊቀንስ የሚችልም ነበር፣ ያንቺ ዓይንና መዝገብም ሲቀንስ ማየት ችሏል። ያንን ፕሎት ባትዘሪው ኖሮ ዛሬ «አመዱ አይሠራም» ትበይ ወይስ «መለካት አልቻልኩም» ትበይ ማንም አያውቅም ነበር። ሲቪ 13 በመቶም ገበሬ ማሳ ላይ ለተሠራ የበሽታ ሙከራ የሚያሳፍር አይደለም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የበሽታውን መጠን ስትመዘግቢ የትኛው ፕሎት አመድ እንደሆነ ታውቂ ነበር? ታውቂ ከነበረ በጽሑፍሽ ላይ ሳትደብቂ አስፍሪው። ዓይን ወደሚመኘው ያደላል፤ ያንቺ ምኞት ደግሞ አመዱ እንዲሠራ ነበር። ምኞትሽ ሊያዘነብልበት የሚችለው አቅጣጫ መላምትሽን የሚደግፈው ሆኖ ሳለ ልዩነት አለመገኘቱ ውጤቱን ያጠነክረዋል እንጂ አያላላውም። ለሚቀጥለው ግን ፕሎቶቹን በቁጥር ብቻ ሰይሚና መዝጋቢው ሌላ ሰው ይሁን።

አሁን ወደ ኤልኤስዲው። ብዙ ተማሪ 9 የምትለዋን ቁጥር ኮከብ ለመስጠትና ለመንፈግ ብቻ ይጠቀምባታል፤ ከዚያ የበለጠ ሥራ አላት። የአመዱ አማካይ ከደረቁ ዘር በ2 ያንሳል። በዚህ ላይ 9 ደምሪበት፣ 9 ቀንሺለት፦ እውነተኛው ልዩነት፣ በ95 በመቶ መተማመን፣ በሽታውን በ11 ነጥብ ከመቀነስ እስከ በ7 ነጥብ ከመጨመር ባለው ክልል ውስጥ ነው። መድኃኒቱ የቀነሰው 27 ነጥብ ነው። እንግዲህ አመዱ ቢሠራ እንኳ በቸርነት ተቆጥሮ የመድኃኒቱን ግማሽ አይደርስም። «ልዩነት የለም» ብለሽ ከምትጽፊው ይህ ዓረፍተ ነገር እጅግ ይበልጣል፤ ምን ያህሉን ተስፋ እንደዘጋሽ፣ ምን ያህሉን እንዳልዘጋሽ በልክ ይናገራልና። «አመድና ደረቅ ዘር እኩል ናቸው» ብለሽ ግን እንዳትጽፊ። በሦስት ድግግሞሽ እኩልነትን ማሳየት አይቻልም፤ የ4 ወይም የ5 ነጥብ ልዩነት ቢኖር ሙከራሽ አያየውም።

ሌላም አለ። የአመዱ ትክክለኛ ማነጻጸሪያ ደረቁ ዘር ብቻ አይደለም፤ በንጹሕ ውኃ የተነከረውም ነው። ዘሩ አመድ ሲነካው ውኃም ነክቶታል። ከውኃው ጋር ስታነጻጽሪው ልዩነቱ 4 ነጥብ ነው፤ ክልሉ ከ13 መቀነስ እስከ 5 መጨመር ይሆናል። ሁለቱንም አስቀምጪ።

ሦስተኛው ብሎክ ላይ ትንሽ እንቆይ። ስታወጪው አመዱ 33፣ ደረቁ 40 ሆነ ብለሻል። እስቲ ወደ ኋላ እናስላው። የአመዱ የሦስት ብሎክ አማካይ 39 ከሆነ ድምሩ 117 ነው፤ የቀሩት ሁለቱ 66 ይሆናሉ፤ ስለዚህ ያወጣሽው የአመድ ፕሎት 51 ነበር። የደረቁ ድምር 123 ነው፤ 80 ሲቀነስለት 43። ፋይሉ ላይ የሰረዝሽው ይህንን ነው፦ ውኃ በሚተኛበት ቦታ፣ አመድ የነካው ባቄላ ካልነካው የባሰ የታመመበትን ፕሎት። ከዚህ ተነሥተሽ «አመድ ረግረግ ላይ በሽታ ያብሳል» አትበይ፤ አንድ ፕሎት ያንን አያስብልም። ነገር ግን ጎረቤቶቻችሁ ውስጥ ማሳው ታች የሆነ፣ ውኃ የሚተኛበት ገበሬ የለም? ለእሱ የሚመለከተው ቁጥር የትኛው ነው?

ብሎክ የሚከፋፈለውም እኮ ላይኛውና ታችኛው መሬት እንደማይመሳሰል አስቀድሞ ስለሚታወቅ ነው። የልጁ ሐሳብ በሐምሌ መጥቶ ቢሆን፣ ውኃ ተኝቶ ስታዪ በማስታወሻሽ ላይ «ብሎክ 3 ጎርፏል፣ አላካትተውም» ብለሽ ቀን ጽፈሽበት ቢሆን፣ ሌላ ነገር ነበር። የመጣው ግን ኮከብ ከጠፋ በኋላ ነው። አንዱን ብሎክ ማውጣት የሚቻልባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው፤ ምንም ካለማውጣት ጋር አራት። አምስት የምዝገባ ቀኖች አሉሽ። ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ ኮከብ የሚሰጠውን ሰው ከመረጠ «5 በመቶ የስህተት ዕድል» የሚለው ቃል ትርጉሙን ያጣል፤ ፍለጋው ራሱ ኮከብ ያመርታልና። ምርመራውን በጽሑፍሽ ላይ ማሳየት ከፈለግሽ አሳዪ፤ «ያለ ብሎክ 3 ይህን ይመስላል፣ ብሎኩን የመለየቱ ሐሳብ የመጣው ከውጤቱ በኋላ ነው» ብለሽ፣ 51ዱን ጭምር አስቀምጠሽ።

የሥነ ፈለክ ሊቁ ዮሐንስ ኬፕለር ተመሳሳይ ፈተና ገጥሞት ነበር። ለማርስ ጉዞ የሠራው የክብ ምሕዋር ስሌት ከሰማይ ተመልካቹ ቲኮ ብራሄ ምልከታዎች ጋር ሲተያይ በ8 የቅስት ደቂቃ ብቻ ተሳሳተ። 8 ደቂቃ ማለት ዓይንሽ ከሚያያት ሙሉ ጨረቃ ወርድ ሩቡን ያህል ነው። በዚያ ዘመን ይህችን ማንም ይቅር ይላት ነበር። እሱ ግን ቲኮ እንዲህ ያለ ስህተት አይሠራም ብሎ ምልከታውን አመነና የዓመታት ድካሙን መላምት ጣለው። እ.ኤ.አ. በ1609 ያሳተመው የሞላላ ምሕዋር ግኝት የተገኘው ከዚያች 8 ደቂቃ ነው። ያንቺ ቲኮ የመስክ መዝገብሽ ነው። ዛሬውኑ እያንዳንዱን ገጽ በስልክ ፎቶ አንሺው፤ የመጀመሪያውን የኤክሴል ፋይል «ያልተነካ» ብለሽ ስም ስጪውና ለአማካሪሽ በኢሜይል ላኪላቸው። ቀኑ የተመዘገበበት ቅጂ ሌላ ሰው ዘንድ ሲኖር የሌሊቱ ክርክር ያበቃል።

«ታዲያ ላልሠራ ነገር ማን ይጨነቃል?» ትይኝ ይሆናል። ለአንድ ጥማድ ማሳ 50 ኪሎ ገደማ የባቄላ ዘር ያስፈልጋል። በአንቺ ልክ ለመንከር 50 ሊትር ውኃና 10 ኪሎ ነጭ ሽንኩርት ይጠይቃል። 10 ኪሎ ነጭ ሽንኩርት ገዝቶ፣ ልጦ፣ ቀጥቅጦ፣ 12 ሰዓት ነክሮ፣ በማግስቱ ዝናብ ሳይመጣ ቢቀር ደግሞ የራሰ ዘር ወደ ጎተራ አይመለስም። ሥራሽ ተደብቆ ቢቀር በመጪው ሰኔ እነዚያ ጎረቤቶች ይህን ሁሉ ይከፍላሉ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም አንድ ሌላ ተማሪ ያንኑ አመድ በዚያው ልክ ይነክራል።

በሕክምና የተከፈለው ዋጋ ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1980 ሎርካይናይድ የሚባል፣ ከልብ ድካም (ሃርት አታክ) በኋላ የሚመጣውን የተዛባ የልብ ምት የሚያስተካክል መድኃኒት ተሞከረ። መላምቱ አሳማኝ ነበር፦ የተዛባው ምት ከቀነሰ ሞትም ይቀንሳል። በሙከራው የተካፈሉት ከ100 በታች ሰዎች ሲሆኑ 10 ሞቱ፤ ከአሥሩ ዘጠኙ መድኃኒቱን የወሰዱ ነበሩ። የመድኃኒቱ ሥራ በንግድ ምክንያት ተቋርጦ ስለነበር ውጤቱ ሳይታተም ቀረ። በእነዚያ ዓመታት ተመሳሳይ መድኃኒቶች ለብዙ ሕመምተኞች ይታዘዙ ነበር። ኢንካይናይድና ፍሌካይናይድ ሞት እንደሚጨምሩ በአንድ ትልቅ ሙከራ የታየው በ1989 ነው። የ1980ው ውጤት የታተመው በ1993፤ 13 ዓመት መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ። ያንቺ ባቄላ ሰው አይገድልም። መሳቢያው ግን ያው መሳቢያ ነው።

አሁን ደስ ወደሚለኝ ክፍል ልምጣ። በደብዳቤሽ ላይ በሽታውን የሚያመጣው «ኦልፒዲየም» ነው ብለሻል። መግቢያሽ ላይም እንዲሁ ጽፈሽ ከሆነ አስተካክዪው። በሽታው አገራችን ውስጥ ሲታይ ጃፓናዊው ኩሳኖ ከመቶ ዓመት በፊት ከገለጸው ኦልፒዲየም ቪሺዬ ጋር በምልክቱ ስለተመሳሰለ ተዋሲው እሱ ነው ተባለ። ምክንያታዊ ግምት ነበር፤ ብዙ ጽሑፍም በዚያ ላይ ተመሥርቶ ተጻፈ። እ.ኤ.አ. በ2021 ግን ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ያለበት ቡድን እባጩን በማይክሮስኮፕና በዲኤንኤ መርምሮ የኢትዮጵያው ጎል ምንጭ ፊሶዴርማ የሚባል ሌላ ተዋሲ እንጂ ኦልፒዲየም አለመሆኑን አሳተመ። ያንቺው በሽታ፣ በገዛ ስሙ ላይ፣ ውድቅ የሆነ መላምት ተሸክሞ ኖሯል ማለት ነው። የቀደሙትን ሰዎች የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ግምታቸውን በግልጽ ስም ሰጥተው ስላስቀመጡት ነው ሌላው ሊፈትነው የቻለው።

ይህ ለአንቺ ከስም ለውጥ ያለፈ ነው። ፊሶዴርማ ጠንካራ የዕረፍት ስፖር (ክፉ ጊዜን ተኝቶ የሚያልፍ ዘር መሰል ሕዋስ) ይሠራል፤ በታመመው የባቄላ ተረፈ ምርትና በአፈር ውስጥ ይቆያል። ዝናቡ ሲበረታ ውኃ ውስጥ የሚዋኙ ስፖሮች ይለቅና ቅጠል ይይዛል። እንግዲህ አስቢው፦ ምንጩ አምና እዚያው ማሳ ላይ የቀረው ገለባ ከሆነ ዘሩን በአመድ ብታጥቢው፣ በጠበል ብትነክሪው ምን ይረባዋል? ቡቃያው ወጥቶ ቅጠል ሲያወጣ አመዱ ከዘሩ ቆዳ ጋር አፈር ውስጥ ቀርቷል። የወደቀው መላምትሽ «በሽታው ከዘሩ ጋር ይጓዛል» የሚለውን ግምት ነቅንቆታል፤ ገና አልጣለውም።

ገና ያልኩሽ ሦስት ነገሮችን ስላልነገርሽኝ ነው። ዘሩን ከየት አመጣሽው? ጎል ካልነበረበት ማሳ የተወሰደ ዘር ከሆነ ከመጀመሪያውም የሚታጠብ ነገር አልነበረውም፤ ሙከራሽም የዘሩን ጥያቄ አልነካውም። ነጭ ሽንኩርቱን ቀጥቅጠሽ በቀዝቃዛ ውኃ ዘፈዘፍሽው ወይስ ቀቀልሽው? ተዋሲ የሚጎዳው አሊሲን የሚፈጠረው ነጭ ሽንኩርቱ ጥሬውን ሲቀጠቀጥ ነው፤ አስቀድሞ ከተቀቀለ አይፈጠርም፤ ስለዚህ የሞከርሽው ሽታ ያለው ውኃ ሊሆን ይችላል። አመዱስ የምን ነው? በእናንተ አካባቢ ምድጃ ውስጥ ኩበትም ባሕር ዛፍም ይነዳል፤ የሁለቱ አመድ አንድ አይደለም። የእንጨት አመድ ውኃን አጥብቆ አልካላይ ያደርገዋል፤ የኩበት አመድ አሸዋማ ነገር ስለሚበዛው ኃይሉ ያንሳል። ዝናብ ያገኘው አመድ ደግሞ የሚሟሟው ፖታሽ ታጥቦለት ይሄዳል። የውኃውን ፒኤች (የአልካላይነቱን ልክ) በወረቀት እንኳ ለክተሽ ከሆነ ቁጥሩን ጻፊ፤ ካልለካሽ «አልተለካም» በይ። ከተረፈሽ አመድ ላይ 100 ግራም በሊትር በጥብጠሽ አሁንም መለካት ትችያለሽ፤ ዘግይቶ የተለካ መሆኑን ብቻ ግለጪ።

የዘሩንና የአፈሩን ጥያቄ የሚለይ ትንሽ ሙከራ ከዲፌንስሽ በፊት መጀመር ይቻላል። 24 የፕላስቲክ ማሰሮ ይበቃል። ግማሹ ጎል ካየ ማሳ የመጣ አፈር ይያዝ፤ ግማሹ ያው አፈር ሆኖ በኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ተዋሲ በሚገድል መሣሪያ) በ121 ዲግሪ የተቀቀለ ይሁን። በየአፈሩ ውስጥ ስድስቱ ማሰሮ ከታመመ ማሳ የተወሰደ ዘር፣ ስድስቱ ከንጹሕ ማሳ የተወሰደ ዘር ይዘራበት። የተቀቀለውን አፈር ካልተቀቀለው አርቀሽ አስቀምጪ፤ ውኃ ስታጠጪ ጭቃ ከተፈናጠረ ተዋሲው ይሻገርና ሁሉንም ያበላሽብሻል። ቦታው ቀዝቃዛ ይሁን፣ ቅጠሉ በየቀኑ ይርጠብ፤ ደረቅ ቅጠል ላይ የሚዋኝ ስፖር የለም። ያልተቀቀለው አፈር ውስጥ ከንጹሕ ዘር የበቀለው ቢታመም፣ በተቀቀለው አፈር ውስጥ ደግሞ ከታመመ ማሳ የመጣው ዘር ደኅና ቢሆን፣ ምንጩ አፈሩ ነው ለማለት በር ይከፈታል። የትኛውም ማሰሮ ካልታመመ ግን ሙከራው አልሠራም፤ ያኔ «ደካማ» የሚለው ቃል በቦታው ይሆናል። ኦቶክሌቭ ያለበት ቦታ ከቸገረሽ ደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማዕከል ሩቅሽ አይደለም፤ ሄደሽ ጠይቂ፤ ቢበዛ «የለም» ነው የምትባይው፣ እሱን ደግሞ ለምደሽዋል።

ጽሑፉን በተመለከተ አንድ ብርቱ ፈተና ይመጣብሻል፤ መግቢያውን ከልሰሽ ከመጀመሪያውም «አመድ እንደማይሠራ ገምተን ነበር» የሚመስል ማድረግ። አታድርጊው። መላምቱ በፕሮፖዛልሽ ላይ እንዳለ ይቀመጥ። አምስቱንም ምዝገባ ተጠቅመሽ የበሽታውን አጠቃላይ ጫና አስዪ፦ የሁለት ተከታታይ ምዝገባ አማካይ በ10 ቀን ተባዝቶ አራቱ ይደመራሉ። ይህ በዕቅድሽ ካልነበረ «ከውጤቱ በኋላ የታየ» የሚል ርዕስ ሥር አድርጊው። በተለይ የመጀመሪያውን ምዝገባ ብቻሽን ቁጭ ብለሽ እዪው፤ አመዱ በሽታውን ባይቀንሰውም አዘግይቶት እንደሆነ የሚጠቁመው እሱ ነው። ቢጠቁምም ለሌላ ሙከራ ጥያቄ ነው እንጂ ግኝት አይደለም። ለማሳተም ስታስቢ፣ ሥራን በአዲስነቱ ሳይሆን በአሠራሩ ትክክለኛነት የሚመዝኑ እንደ ፕሎስ ዋን ያሉ መጽሔቶች አሉ፤ የሚያስከፍሉትን ገንዘብ ግን አስቀድመሽ እዪ።

አማካሪሽ ዘንድ ስትገቢ ይቅርታ በመጠየቅ አትጀምሪ። ሰንጠረዡን አስቀምጪና «ዶክተር፣ ደካማ ያሉት ሙከራውን ነው ወይስ መላምቱ አለመደገፉን?» በያቸው። ከዚያ 14ቷን አሳያቸው፣ ከ11 እስከ 7 ያለውን ክልል አሳያቸው፣ የማሰሮውን ዕቅድ በአንድ ገጽ ስጫቸው። ስለ ሦስተኛው ብሎክም አንቺው ቀድመሽ አንሺ፦ «ሳወጣው ኮከብ ያገኛል፤ ላወጣው ግን ምክንያት የለኝም።» ዝምታቸው ቁጣ ላይሆን ይችላል፤ ምናልባት እሳቸውም ዲፌንስ ላይ እንዴት እንደሚቆሙልሽ እያሰቡ ነው። ያም ሆኖ አውጪው ብለው ቢጫኑሽ ሐሳባቸውን በጽሑፍ እንዲሰጡሽ በትሕትና ጠይቂ። እንዲህ ያለ ነገር ወረቀት ላይ ለማስፈር የሚደፍር ጥቂት ነው።

አባትሽን በተመለከተ ከምትፈሪው ይቀላል ብዬ አስባለሁ። ገበሬ ናቸው። ከጎረቤት የመጣ ዘር መጀመሪያ በማሳው ጥግ እፍኝ ዘርቶ ማየት፣ እንቢ ሲል መተው፣ ለእሳቸው አዲስ ነገር አይደለም። የሚያሳዝናቸው ውጤቱን ከሌላ ሰው ቢሰሙት ነው። ስለዚህ ከዲፌንሱ በፊት፣ ሰኔም ሳይገባ ሂጂ። እዚያው ፕሎቶቹ የነበሩበት ቦታ ወስደሽ «አባዬ፣ አመዱም ነጭ ሽንኩርቱም ከደረቁ ዘር አልተሻሉም፤ የተረጨው ግን ዳነ። ጎረቤቶቹ ዘንድሮ ለዚህ ብለው እንዳይደክሙ ይንገሩልኝ» በያቸው። መልእክተኛው እሳቸው ሲሆኑ «ልጄ መላ ልታመጣ ነው» ያሉትን ቃል ራሳቸው ያስተካክሉታል፤ ክብራቸውም አይነካም። «ታዲያ ምን ይሻላል?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። የታመመውን የባቄላ ገለባ ማሳው ላይ አለመተው፣ ባቄላን በባቄላ ላይ አለመድገም፣ መድኃኒት የሚረጭ ካለ ምልክቱ ገና ሲጀምር የግብርና ባለሙያውን ጠይቆ መርጨት፤ ዛሬ በልበ ሙሉነት ልትነግሪያቸው የምትችይው ይህን ያህል ነው። የአፈሩን ነገር ከማሰሮዎቹ በኋላ።

የዲፌንሱን ውጤት ጻፊልኝ። ከዚያ በፊት ግን እናትሽን ደውለሽ ጠይቂያቸው፦ ዘሩ የተነከረበት አመድ የኩበት ነበር የባሕር ዛፍ? ዝናብስ አግኝቶት ነበር?